በጭሱ የሚታወቅ ሞተር

መስከረም 24፣ 2017፣ ሮቤ

ዶክተር ኢዶሳ ዛሬ ክሊኒካችን ድረስ መጥተው፣ "ፀጋዬ፣ በሽተኛ ሞልቶናል፤ የጠፋው ጤነኛ ነው" አሉኝ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም።

ጥናታቸው አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አዛውንቶች አንጎል ከጤነኛ አዛውንቶች ጋር በኤምአርአይ ማወዳደር ነው። እኔ የክሊኒኩ የኤክስሬይ ባለሙያ ነኝ። በትርፍ ሰዓቴ ሰው እመዘግብላቸዋለሁ፣ የማስታወስ ፈተናውን እፈትናለሁ፣ ማሽኑ ወዳለበት አዲስ አበባም ይዣቸው እሄዳለሁ። የታመመውን ቤተሰቡ እየደገፈ ያመጣዋል። ጤነኛው ግን "ምን ሆንኩና ነው ማሽን ውስጥ የምገባው?" ይላል። እውነቱን ነው።

የሩሃማን አባት፣ አማቴን ጋሽ ገብረጻድቅን ልጠይቅ ነው። ዕድሜያቸው ይመጥናል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከጎባ ደሎ መና በቅጥቅጥ አይሱዙ ሰው ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ጉንፋን እንኳ ደፍሮ የማያስተኛቸው ሰው ናቸው። ከእሳቸው የበለጠ ጤነኛ ከየት አመጣለሁ? ሌላ ምክንያት የለኝም። ጤነኛ ስለጎደለን ነው።

መስከረም 26

ጎባ ሄጄ ፈተንኳቸው፤ በሳሎናቸው። መመሪያው "ተፈታኙ ብቻውን ይሁን" ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው አማት የለውም። አማቴን እትዬ ደስታነሽን ከገዛ ሳሎናቸው "ይውጡልኝ" የሚል አማች ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ሦስት ቃላት ነገርኳቸው፤ ፈረስ፣ ማር፣ መስኮት። በመሃል ሌላ ሌላውን ጠይቄ ቆይተው እንዲደግሙልኝ ነው። ቀኑን ስጠይቃቸው እትዬ ደስታነሽ ሹራባቸውን እየሠሩ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ነገ መድኃኔዓለም አይደል እንዴ?" አሉ። ጋሼም "ሃያ ስድስት" አሉ። ሒሳቡ ላይ ስንደርስ "እሱ የኡመር ሥራ ነው" ብለው አሳቁን። ኡመር ረዳታቸው ነው፤ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አብሯቸው ሠርቶ አሁን እሱም ሽበት ጀምሮታል።

ወደ ቃላቱ ስንመለስ "ፈረስ" አሉ። "ማር" አሉ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። እትዬ ደስታነሽ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ በአገጫቸው ብቻ ወደ መስኮቱ ጠቆሙ።

"መስኮት" አሉ ጋሼ።

ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። እትዬ ደስታነሽ ውጭ የሚያዩት ነገር ኖሯቸው ይሆናል።

ጥቅምት 2፣ አዲስ አበባ

የጋሼ ተራ ደርሶ ገቡ። ይህ ማሽን የአንጎልን ቅርጽ ብቻ አያነሳም። ዙሀይራ የምትባለው ባለሙያ ምስሉ ላይ፣ ከአንጎል ኋለኛ ክፍል መሃል ላይ፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ታስቀምጣለች። ማሽኑ ያቺ ሳጥን ውስጥ ያለውን ኬሚካል ለክቶ በመስመር ይስለዋል፤ ከፍ ዝቅ ያለ፣ የተራራ ሰንሰለት የመሰለ መስመር። አንደኛው ጫፍ የነርቭ ሴሎቹ ደህና መሆናቸውን የሚናገር ነው፤ በመርሳት በሽታ ዝቅ ይላል። ሌላኛው በተቃራኒው ከፍ ይላል። መርፌ የለ፣ ቢላ የለ።

ይህን ሳስረዳቸው ጋሼ ሳቁብኝ። "ይሄማ የኛ ሙያ ነው። ሞተር ሳይከፈት በጭሱ ይታወቃል። ጥቁር ካጨሰ ናፍጣው በደንብ አልነደደም። ሰማያዊ ካጨሰ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ካጨሰ ውሃ ገብቶበታል።" እኔ በሁለት ገጽ ያላስረዳሁትን።

ብረት ይዞ መግባት ስለማይቻል የመኪናቸውን ቁልፍ ለዙሀይራ ይስጡ ብላቸው እንቢ አሉ፤ ለእኔ ሰጡ። ሲወጡ መለስኩላቸው። ምሳ ላይ ኪሳቸውን ዳብሰው "ቁልፌን ተቀበልከኝ?" አሉ። ማታ እንደገና። ያልለመዱት ከተማ ሰውን ያደናግራል።

ጥቅምት 13

የሁሉም ውጤት መጣ። ጤነኞቹን ባንድ ወገን፣ የታመሙትን በሌላ ወገን አሰለፍኩ። ከጤነኞቹ መሃል አንዱ መስመር ቦታውን የሳተ ይመስላል። ከፍ ሊል የሚገባው ዝቅ፣ ዝቅ ሊል የሚገባው ከፍ። ከታመሙት መሃል ባስቀምጠው ማንም አይለየውም።

የማን እንደሆነ አየሁ።

ተንቀሳቅሰው ይሆናል ብዬ ለዙሀይራ ደወልኩ። "ሰውየው እንደ ድንጋይ ነበሩ" አለችኝ። "ራሴ ተጠራጥሬ ሁለቴ ነው ያነሳሁት። ያው ነው።"

ማሽንም ይሳሳታል።

ጥቅምት 15

ሥራ በዛ። የተሰበረ ክንድ፣ ሳል፣ ከባጃጅ የወደቁ ባልና ሚስት። ስለ ጋሼ አላሰብኩም።

አላሰብኩም ብዬ ስጽፍ አሰብኩ።

ጥቅምት 18

ከጎባ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ። አንደኛዋ፣ "ሹፌሩ የድሮ ሰው ነው፣ ጎበዝ ነው። ረዳቱ ግን ለፍላፊ! እስከ ደሎ መና ድረስ መንገዱን ሲተርክ ነው የሚሄደው" አለች። "የትኛው?" አለቻት ሁለተኛዋ። "ያ ሽበታሙ ኡመር።"

ረዳት ሁሉ ለፍላፊ ነው።

ጥቅምት 21

ዶክተር ኢዶሳ ዘንድ ሄድኩ። መስመሩን አሳየኋቸውና "እኚህ ሰው ሹፌር ናቸው" አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ስማኝ ፀጋዬ። ይሄ ምርመራ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም። ከአንዲት መስመር ተነስቼ 'ታመዋል' ብል ጠንቋይ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ከፈተናው ጋር ነው የሚታየው። ፈተናው ደግሞ ሙሉ ነጥብ ይላል። አንተ ነህ የፈተንካቸው።"

እኔም ስለ እትዬ ደስታነሽ አገጭ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም፤ እሱ ባሰብኝ።

"እንግዲያው ከጥናቱ ይወጣሉ" አሉ። "ለብቻቸው ይምጡና ራሴ እንደገና ልፈትናቸው።"

"እንቢ ቢሉስ?"

"እንቢ ካሉ አላስገድድም። ሰው በግድ አይመረመርም።"

ስማቸውን ሰረዙት። ጥናቱ ጸዳ። አይሱዙው ግን ነገ ጠዋት ሰው ጭኖ ሳነቴን ይወጣል።

ጥቅምት 22

ለጋሼ ደውዬ እንደገና ይመርመሩ አልኳቸው። "ጤነኛ ነዎት ብለኸኝ የለ?" አሉ። "ጤነኛ ሰው ሁለቴ አይመረመርም። ደግሞ የኅዳር ሚካኤል ተሳፋሪ አለብኝ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገር።"

የኅዳር ሚካኤል ሰሞን መኪናው ኮሪደሩ ድረስ ነው የሚሞላው።

ጥቅምት 23

ለሩሃማ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ልጃችንን አስተኝታ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ከባሌ አዛውንት ሁሉ አባቴን ለምን መረጥክ?"

"ጤነኛ ስለጎደለን ነው አልኩሽ።"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለች። "ክረምት ላይ አባቴ ልጃችንን በእኔ ስም ሲጠራት፣ ነገሩን ወደ ሳቅ የቀየርከው አንተ ነህ። ከዚያ በኋላ ነው ጥናት ጥናት ማለት የጀመርከው።"

ጥናቱ የመጣው በመስከረም ነው ልላት ነበር። ራሴን አሞኝ ነበርና ተኛሁ።

ጥቅምት 27፣ ደሎ መና ደርሼ ከተመለስኩ በኋላ

ዛሬ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ለእሳቸው "ማር ልገዛ ነው" አልኩ። ደስ አላቸው፤ ጋቢና አስቀመጡኝ።

ኡመር በር ላይ መቆም ሲገባው ከሹፌሩ ጀርባ ቆመ። ገና ከጎባ ስንወጣ ጀመረ። "ጋሼ፣ ጎባን ለቀን፤ አሁን ዳገት ነው።" "ጋሼ፣ በስተግራ ከብት አለ።" "ጋሼ፣ ሳነቴ ላይ ወጣን፤ ጉም ነው፤ መብራት።" ጋሼ መብራት አበሩ። ተሳፋሪው እንደ ሬዲዮ ለምዶታል። ከኋላችን አንዱ "ይሄ ሰውዬ ለትራፊክ ፖሊስነት ነበር የተፈጠረው" ብሎ አሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ተወኝ።

ሜዳው ላይ እየሄድን አንዲት ሴት አስታወካት፤ ኡመር ፌስታል ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ድምፁ ጠፋ። ከፊታችን ጉሙ ብቻ ነው። መኪናው ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ወራጅ አልነበረም። ጋሼ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ለእኔ እንዳይሰማ ብለው ነው መሰለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ኡመር፣ ኤሳ ጂራ?" አሉ።

የት ነን ማለታቸው ነው። ሰላሳ ዓመት በተመላለሱበት መንገድ ላይ።

ኡመር ሰው እየረገጠ ሮጦ መጣ። "ሳነቴ ነን ጋሼ። የሪራ ቁልቁለት ከፊታችን ነው። ማርሽ ይቀንሱ።"

ቀነሱ። ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እንዴት እንደወረዱት መናገር አልችልም። ፍሬን እንደ ጀማሪ አልረገጡ፣ መሪ አላንገጫገጩ። እጃቸው አንድም ነገር አልረሳም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "ጉሙ እስኪገለጥ ነው ያቆመው፤ ሹፌር እንዲህ ነው" ብለው መረቁ። ልጃችንን ይዘን በዚህ መኪና ስንት ጊዜ ሄደናል።

ደሎ መና ላይ ጋሼ ምሳ ሲበሉ ኡመርን ወደ መስጊዱ በር ተከትዬ ያዝኩት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

አልካደም። "ካለፈው በልግ። መጀመሪያ የሰው ስም ነበር። ቀጥሎ የመውረጃ ቦታ። አሁን መንገዱ። ስነግራቸው ይመጣላቸዋል፤ ወላሂ ከማንም በላይ ይነዳሉ።"

"ለምን ዝም አልክ?"

"ለማን ልንገር? እትዬ ደስታነሽ ያውቃሉ። አንተ ለምርመራ ስትወስዳቸው 'አልሐምዱሊላህ፣ አማችየው ነቃ' ብዬ ነበር። ተመልሰው 'ጤነኛ ነህ ተባልኩ' አሉኝ። የተማረው ሰው ጤነኛ ናቸው ካለ እኔ ረዳቱ ከማን ጋር ልከራከር?"

ኡመር ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

"እኔ ፌስታል ይዤ ወደ ኋላ የሄድኩ ጊዜ ምን እንደሚሆን አየህ" አለና ውዱእ ሊያደርግ ገባ።

ጥቅምት 28

ቁልቁለት ላይ ቢሆንስ ኖሮ? ሴትዮዋን ያመማት ትንሽ ቆይቶ ቢሆንስ?

ጥቅምት 30

ልነግራቸው ጎባ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ቃሉን አዘጋጀሁ። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር" ብዬ ልጀምር። ስደርስ ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሉኝ። አማች ነኝና አከበሩኝ። በላሁ። ስለ ስንዴው አጨዳ አወራን። "ምነው፣ የከፋህ ትመስላለህ?" አሉኝ። "ሥራ በዝቶ ነው" አልኩ። ከደሎ መና ሳልገዛ የመጣሁትን ማር እሳቸው ገዝተውልኝ ኖሯል፤ አሸክመው ሸኙኝ።

እኔ የሰው አጥንት ስብራት ፊት ለፊት የምናገር ሰው ነኝ። ፈሪ መሆኔን ዛሬ አወቅሁ።

ኅዳር 2

ሩሃማ ማሩን ማሰሮ ውስጥ እየገለበጠች፣ "እኔን ከአባቴ እንዴት ነበር የጠየቅከኝ?" አለች።

"በሽማግሌ ነዋ።"

"ራስህ ሄደህ 'ልጅዎን ይስጡኝ' ብትል ኖሮስ?"

"በዱላ ነበር የሚያባርሩኝ።"

"ታዲያ?" አለች።

ይህቺን ሴት በሽማግሌ መውሰዴ ጥሩ ነገር ነበር።

ኅዳር 3

ያኔ ሽማግሌዎቹን የመሩልኝ ኦቦ ጃርሶ ናቸው፤ የጋሼ የድሮ ጎረቤት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። "ሚስት ጠይቄ አውቃለሁ" አሉ። "የደም ዕርቅ ጠይቄ አውቃለሁ። የመኪና ቁልፍ ግን ጠይቄ አላውቅም። ቢሆንም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የነፍስ አባታቸው አንድ፣ እኔ ሁለት። ሦስተኛው ኡመር ይሁን።"

ኅዳር 5

ኡመር እንቢ አለ። "እንጀራ ያበሉኝን ሰው በምን ዓይኔ አይቼ?" አለ። ኦቦ ጃርሶ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው በኦሮምኛ ረዘም አድርገው አናገሩት። መጨረሻ ላይ በአማርኛ "ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ" አሉት። ከዚያ ዘጉ። እሺ ብሏል፤ የሚሄዱት እሁድ ነው። ከሚካኤል በፊት።

ኅዳር 8፣ እሁድ

ጠያቂ አብሮ አይሄድም። እንደ ሙሽራ ቤት ተቀምጬ ዋልኩ። ሩሃማ አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ ታጥባለች።

ኦቦ ጃርሶ ከሰዓት በኋላ መጡ። ውሃ ጠጥተው ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ።

እንደ ደንቡ በር ላይ ቆሙ። ጋሼ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ሲሉ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። ጋሼ ኡመርን ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሞ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

"ልጅዎ ፀጋዬ ነው የላከን" አሉ ኦቦ ጃርሶ።

"ሚስት ሰጥቼዋለሁ። ደግሞ ምን ቀረው?"

"የመኪናዎን ቁልፍ ነው።"

እትዬ ደስታነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ኡመር መሬት መሬት ያያል። ጋሼም፣ "እሱ ራሱ ለምን አልመጣም?" አሉ።

"አማች ነው፤ ያፍራል።"

"እውነት ነው፣ ያፍራል። ያን ቀን ደስታነሽ በአገጯ መስኮቱን ስታሳየኝ አይቶ እንዳላየ የሆነውም አፍሮ ነው። እኔም ሙሉ ነጥብ የተቀበልኩት አፍሬ ነው።" ከዚያ ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈቱ። "ለሩሃማ ሦስት ጊዜ አመላልሻችኋለሁ። ለዚህ ግን ላመላልሳችሁ ብል መምጣታችሁንም እረሳለሁ። ዛሬውኑ ውሰዱ።"

ለኦቦ ጃርሶ አልሰጡም፤ ለኡመር ነው የሰጡት። "ደህና ሹፌር ፈልግ" አሉት። "የሪራን ቁልቁለት አንተ ንገረው።"

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት።

ሩሃማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔም ይህን እየጻፍኩ ነው ያለቀስኩት። ጋሼ ያውቁ ኖሯል። ፈተናውን የወደቅኩት እኔ ነበርኩ።

ኅዳር 12፣ ጎባ

ሚካኤል። ጠዋት ጋሼን መናኸሪያ ይዣቸው ሄድኩ፤ ራሳቸው ናቸው እንሂድ ያሉት። አዲሱ ሹፌር ከአክብሮት ብዛት ከመቀመጫው ሊነሳ ሲል በእጃቸው ምልክት መለሱት። ጎማዎቹን በጫማቸው እየመቱ መኪናውን ዞሩት። ሞተሩ ሲነሳ ከኋላ ቆመው ጭሱን አዩ። "ደህና ነው" አሉ። ኡመር በሩ ላይ ቆሞ፣ አሁን በቦታው ማለት ነው፣ ከዓይን እስኪጠፋ እጁን አወዛወዘላቸው።

ዶክተር ኢዶሳ ዘንድ ሰኞ ይዣቸው እሄዳለሁ። እትዬ ደስታነሽ ውጭ ይጠብቃሉ። ራሳቸው ናቸው ያሉት።

እራት ከመቅረቡ በፊት ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ያ ማሽን" አሉ። "የኔ ጭስ ምን ዓይነት ነበር?"

እትዬ ደስታነሽ ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጋሼ እጃቸውን ሲያነሱ መልሰው ዘጉት።

ነገርኳቸው። ከፍ ማለት ያለበት ዝቅ ብሏል፣ ዝቅ ማለት ያለበት ከፍ ብሏል አልኳቸው። አንድ መስመር ብቻውን በሽታ ነው እንደማይባል፣ የሚያረጋግጡት ዶክተር ኢዶሳ እንደሆኑም ነገርኳቸው።

"ዶክተሩን ተወው። አንተ ምን ትላለህ?"

"ታመዋል ጋሼ" አልኩ። ይህቺን ቃል ከአፌ ሳወጣት የመጀመሪያዬ ነው፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ በራሴ ቃል ጽፌያት አላውቅም።

"እሺ" አሉ። "አሁን ተናገርክ።" ቀጥለው ለልጃችን ሥጋ አጎረሷት፤ በስሟ ጠርተው።

ከእራት በኋላ እጃችንን ታጥበን ስንቀመጥ ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ የምልህ፣ ያ ማሽን፣ የኔ ጭስ ምን ዓይነት ነበር?" አሉኝ።

ሩሃማ አየችኝ። ማንም አልሳቀም።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።